ነገረ ባርኔጣ፤ ማለትም ዝምተኛው ነፍሰ ገዳይ በዋጃ ቪዲዮ ቤት ስለ መታየቱ የተጻፈ ሐተታ

መቅድም፤ ይህ ጥናት ስለምን አስፈለገ

የፈረንሳዩ የፊልም ሊቅ ዣን ፒየር ሜልቪል በ1967 እ.ኤ.አ. የሠራው «ለ ሳሙራይ» ብዙ ቀለም ፈሶበታል። ስለ ግራጫው ድባቡ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አላን ደሎን ዓይን ያልጻፈ ሐያሲ ቢፈለግ አይገኝም። ሆኖም ይኸው ፊልም ከቆቦ በስተሰሜን፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ በምትገኘው በዋጃ ቢታይ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ አንድም ሊቅ፣ አንድም ዩኒቨርሲቲ፣ አበል የሚከፈልበት አንድም ወርክሾፕ የለም። ጉዳዩ ስድሳ ዓመት ለጥቂት ያህል ተንጠልጥሎ ከርሟል። የዚህ ድርሳን ጸሐፊ ሸክሙን ለመሸከም ተነሥቷል። ተነሥ ያለው ሰው የለም፤ ታላላቅ ሥራዎች ግን ከጥንትም ሳይታዘዙ የሚጀመሩ ናቸው።

የጥናቱ ዘዴ ከፍተኛ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ጸሐፊው ፊልሙን በፍላሽ ይዞ ሄደ፤ ባለቪዲዮ ቤቱን ለመነ፤ ከዚያም ሦስት ሰው በሚበቃው አግዳሚ ላይ አምስተኛ ሆኖ ተቀመጠ። በቀኙ የባጃጅ ሾፌር፣ በግራው የማሽላ ገበሬ፣ ከፊቱ ጎፈሬያቸውን በሚዶ አበጥረው ሚዶውን እዚያው የሰኩ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ አዛውንት ነበሩ። እንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበበ በአማርኛ እንዲያሰማን የተመደበው አንድ ወጣት መምህር ነው። ሙቀቱን አልገልጸውም፤ ራያ ቆላ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ይህን ድርሳን ለመረዳት አልበቃም።

የምናስረዳው ጭብጥ አንድ ብቻ ነው። ይህ ፊልም ስለ መግደል የተሠራ አይደለም፤ ስለ መልበስ የተሠራ ነው። በአለባበስ ነገር ደግሞ ራያን የሚያስተምር ፓሪስ ገና አልተቆረቆረም።

ስለ ዳይሬክተሩ የዘር ሐረግ

ሊቁ በ1917 ሲወለድ ዣን ፒየር ግሩምባክ ነበር። ናዚ አገሩን በያዘ ጊዜ ከአርበኞቹ ጎን ተሰለፈና የአሜሪካዊውን ደራሲ የኸርማን ሜልቪልን ስም የትግል ስሙ አደረገ። ጦርነቱ አለቀ፤ ስሙ ግን በዚያው ቀረ። በአደባባይ ሲወጣ ስቴትሰን ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አይለየውም ነበር። ይህን አንባቢ ይያዝልን፤ በጥናታችን መሠረት አንድ ሰው ባርኔጣ የሚያደርግ ገዳይን ፊልም ከመሥራቱ በፊት ባርኔጣውን ራሱ አድርጎ ማየት ይገባዋል።

ሜልቪል ጆን ዉን ወለደ። ጆን ዉም በሆንግ ኮንግ በ1989 «ዘ ኪለር»ን ወለደ፤ ያም ገዳይ ከ«ለ ሳሙራይ» መቀዳቱን አባቱ አልሸሸገም። ጆን ዉ ባሕር ተሻግሮ በ1993 «ሃርድ ታርጌት»ን ከዣን ክሎድ ቫን ዳም ጋር ወለደ። ቫን ዳምን ደግሞ ለኢትዮጵያ ቪዲዮ ቤት ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ሜልቪል ወደ አገራችን ገጠር ቀበሌ የገባው ገና ድሮ፣ በልጅ ልጁ እግር እየተራገጠ ነው፤ ሰላም ያለው ሰው ስላልነበረ እንጂ እንግዳ አልነበረም።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ ወደ እኛ ይበልጥ ይቀርባል። አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ በ1999 «ጎስት ዶግ»ን ሲሠራ የሜልቪልን ገዳይ ለፎረስት ዊተከር አለበሰው፤ በቀፎ የተዘጋችውንም ወፍ በርግብ መንጋ ለወጠ። በዚያ ፊልም ገዳዩ አንድ የልብ ጓደኛ አለው፤ አይስክሬም ሻጭ ነው፤ ከፈረንሳይኛ በቀር ቋንቋ አያውቅም። ገዳዩ ደግሞ ፈረንሳይኛ አይሰማም። ሁለቱም በየቋንቋቸው አንድ ነገር ሲናገሩ ይውላሉ፤ ይግባባሉም። ይኸው ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ»ን ሠራ፤ በካን ፌስቲቫል ግራን ፕሪ የተሸለመበት ነው። እዚያ ውስጥ ቢል መሪ ለሚጫወተው ሰነፍ ሰውዬ ጉዞውን የሚያቅድለት፣ ፍንጭ የሚያስቆጥረው፣ መርማሪ የመሆን ጥማት ያንገበገበው ጎረቤቱ ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው። መንገድ ላይ ስማው ብሎ የሚሰጠውም ሲዲ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። ከሜልቪል ተነሥተን በሁለት ትውልድ ሙላቱ ደጃፍ ደረስን። ይህን ማስተዋል ከአንባቢ የምንጠብቀው ጭብጨባ እንዳለ ሆኖ፣ ወደ ዋጃ እንመለሳለን።

ስለ ዝምታ፣ እንዲሁም ስለ ድምፅ ማጉያው ሽቦ

ፊልሙ ሲከፈት ግራጫ ክፍል ይታያል። አልጋ ላይ ሰው ተጋድሟል፤ ሲጋራ ያጨሳል። መሐል ክፍሉ ላይ በቀፎ ያለች ወፍ ትጮኻለች። ከቡሺዶ መጽሐፍ የተወሰደ የሚል አንድ ጥቅስ ይወጣል፤ ያንን ጥቅስ ሜልቪል ከገዛ ጭንቅላቱ ፈጥሮ ለጃፓኖች እንዳሸከማቸው በኋላ ታውቋል። ሊቅ ሆኖ የምንጭ ነውር መሥራት ያሳፍራል። በዚህ ድርሳን የተጠቀሱ ሰዎች ግን ሁሉም በአካል ዋጃ ይገኛሉ።

ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል የሚናገር ሰው የለም።

የዚህን ጸጥታ ውበት ለታዳሚው ለማስረዳት ጸሐፊው ጉሮሮውን ሲጠርግ ከኋላ «ድምፁን ጨምረው!» የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቱ ጨመረ። ወፏ ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ ጮኸች። «ኧረ ሰዎቹ አይናገሩም!» አሉ። ባለቤቱ ተነሥቶ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ነቀለ፤ መልሶ ሰካ። በጀርባው መታው። ትርጉም እንዲያሰማ የተመደበው መምህርም ሥራ ፈትቶ ተቀመጠና ግራ ሲገባው «አሁን ሲጋራ እያጨሰ ነው» አለ። «እሱንማ እያየነው!» ተባለ።

አንባቢ ይህን እንደ ሁከት እንዳይቆጥረው። የጃፓን ሲኒማ ገና ድምፅ በሌለው ዘመን ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው ታሪኩን ያሰሙ ነበር፤ ከተዋናዮቹ በላይ ዝናቸው የገነነም ነበሩባቸው። በእኛም አገር ፊልም በአማርኛ ትርጉም አየር ላይ ሲውል ተርጓሚው ከተዋናዩ እኩል ይወደዳል። እንግዲህ ፓሪስ ስለ ሳሙራይ የሠራው ፊልም ዋጃ ላይ የጃፓንን ጥንታዊ ሥርዓት አስነሣ ማለት ነው። ሜልቪል ይህን አላሰበውም፤ እኛ አሰብንለት።

ንግግር የሌለው ያ ክፍል ምን ይዟል? አላን ደሎን የሚጫወተው ገዳይ ጀፍ ኮስቴሎ ወደ ጎዳና ይወጣል፤ የቆመ ሲትሮየን ዲኤስ ውስጥ ይገባል፤ በትልቅ ቀለበት የታጨቁ ቁልፎች አውጥቶ ጎኑ ወንበር ላይ ይዘረጋል፤ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል አንድ በአንድ ይሞክራል። የፓሪስ ሐያስያን ይህን ትዕግሥት ከምንኩስና ጋር ያዛምዱታል። በቀኜ ያለው የባጃጅ ሾፌር የተለየ አስተያየት ነበረው፦ «ስንት ቁልፍ ይዞ የሚዞር ሌባ! ሽቦ የለም እንዴ አገራቸው?» ቁልፉ ሲሠራ ግን መጀመሪያ ያጨበጨበው እሱ ነው። ስለ ሞተር አነሣሥ የሚያውቅ ሰው ያጨበጨበበትን ትዕይንት ስለ ሞተር የማያውቅ ሰው በመንፈሳዊነት ሲተረጉመው መኖሩ ለሙያው አሳፋሪ ነው።

አንድምታ ዘባርኔጣ

ጀፍ ከቤቱ ሊወጣ ሲል ከመስተዋት ፊት ቆመ፤ ባርኔጣውን ደፋ፤ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ አለ። ምነው፣ ሰው ሊገድል የሚሄድ ሰው ለባርኔጣ ጠርዝ ምን አስጨነቀው ቢሉ፦ ሥርዓት ነውና። አንድም፦ ፊቱን ሊሸሽግ ነው፤ ፊቱን ሊሸሽግ ቢሆንስ ለመስተዋት ባላሳየው ነበር። አንድም፦ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ሥራ ሲሰጠው ነው። አንድም፦ ቢያዝ አምሮበት ሊያዝ፣ ቢሞት አምሮበት ሊሞት ነው፤ ይኸኛው ከፍጻሜው ጋር ይስማማል።

ይህን ሁሉ ትርጓሜ ጸሐፊው በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ከፊት ያሉት አዛውንት ራሳቸውን ነቀነቁና «ይሄን ልጅ እናት ናት ያሳደገችው» አሉ።

መምህሩ ዘወር አለ። «አባ፣ ነፍሰ ገዳይ እኮ ነው።»

«ነፍሰ ገዳይ ስለሆነ ተዝረክርኮ ይሂድ?»

በፊልም ጥናት ዘርፍ ከዚህ ያጠረና ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ ቀርቦ አያውቅም። ጥያቄው ከማን እንደመጣ ደግሞ ይስተዋል። የራያ ሰው ገበያ ሲወጣ ፀጉሩን ያበጥራል፤ ሽርጡን ይታጠቃል፤ ነጠላውን በወጉ ይጥላል፤ ዱላው በትከሻው የሚያርፍበት ቦታ እንኳ የታወቀ ነው። በነሐሴ ለሶለል የሚወጡት የቆቦ ልጃገረዶች የሹሩባቸው ነገር የሳምንት ሥራ ነው። ለዚህ ሕዝብ አንድ ሰው ልብሱን እስኪጨርስ መጠበቅ የታሪኩ መዘግየት አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ከመስመር ወጣ ብለን አንድ ነገር እንበል። በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከአላማጣ በላይ፣ ከተራራው ላይ ባለችው በቆረም የቀረጹትን የረሃብ ምስል ዓለም ሁሉ አየው፤ ከዚያም ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ዘፈን ተዘፈነ። በዚያ ምስል ዓለም የዚህን አካባቢ ሰው በአንድ ሌሊት አወቀው፤ ያወቀው ግን ያለውን ሁሉ ሽጦ ከጨረሰ በኋላ፣ ቡትቶ ለብሶ ነው። ያ ሰው ባለፈው ዓመት ሚዶው በየት በኩል ይሰካ እንደነበር የጠየቀ ጋዜጠኛ ይህ ጸሐፊ አልገጠመውም። ጉዳዩ ከጥናታችን ወሰን ውጭ ስለሆነ ወደ ባርኔጣው እንመለስ።

ስለ ወፊቱ ምስክርነት

ጀፍ በሌለበት ፖሊሶች ክፍሉ ገብተው የመስሚያ መሣሪያ ይደብቃሉ። ሲመለስ ወፏን ያያታል፤ ተረብሻለች፤ ላባዋ ረግፏል። ወዲያው ቤቱን መፈተሽ ይጀምራል። በፊልም ትምህርት ቤት ይህን ትዕይንት ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል ይባላል።

በግራዬ ያለው ገበሬ ጀፍ ባርኔጣውን ሳያወልቅ «ሰው ገብቷል» አለ። እንዴት አወቅህ ተባለ። «ወፏን አታያትም?»

ማሽላ ከሚያሸት ጀምሮ እስኪታጨድ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ግሪሳ ሲጠብቅ ላደገ ሰው የወፍ ጠባይ ማንበብ ፊደል ነው። መንጋው የት እንዳረፈ፣ ምን እንዳስነሣው፣ ያስነሣው ሰው ይሁን ጭልፊት ከሩቁ ይለያል። አላን ደሎን ሦስት እርምጃ የፈጀበትን የዋጃው ገበሬ ከወንበሩ ሳይነሣ ፈታው። ስለ ወፊቱ መጨረሻ አንድ የማያስደስት ነገር እናክል፦ ፊልሙ በሚሠራበት በ1967 የሜልቪል የፓሪስ ስቱዲዮ ተቃጠለ፤ ወፏም አብራ ሞተች ይባላል። ይህን ለገበሬው ስነግረው «ግሪሳ ብትሆን ነበር» ብሎ አለፈው።

ስለ አፈሳና ስለ አውጫጭኝ

ከወፊቱ ትዕይንት ቀደም ብሎ፣ ልክ ፖሊስ ጀፍ የፈጸመውን ግድያ መመርመር ሲጀምር መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባለው ጊዜ ጉባኤው ስለ ተጠርጣሪው ዕጣ ድምፅ ሰጠ፤ አብዛኛው «ያመልጣል» አለ፤ አዛውንቱ ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።

መብራቱ ሲመለስ የፓሪስ ፖሊስ ባርኔጣና ካፖርት ያደረገውን ወንድ ሁሉ ከየመሸታ ቤቱ አፍሶ ጣቢያ አስገብቶታል። አፈሳ ምን እንደሆነ መምህሩ መተርጎም አላስፈለገውም። ኢንስፔክተሩ ብልህ ነው፤ የጀፍን ካፖርት ለአንዱ፣ ባርኔጣውን ለሌላው አልብሶ ከብዙ ሰው ጋር ያቀላቅላል። ምስክሩ ገብቶ ካፖርቱን ከአንዱ ላይ፣ ባርኔጣውን ከሌላው ላይ፣ ፊቱን ከሦስተኛው ላይ ለቅሞ ያወጣል። የእኛ ጭብጥ በመንግሥት መርማሪ እጅ ተረጋገጠ፦ ባርኔጣው ያለ ባለቤቱም ቢሆን ራሱን ችሎ ተጠርጣሪ ነው።

ሌላ ምስክርም አለች፤ ግድያው የተፈጸመበት የምሽት ክበብ ፒያኖ ተጫዋች። ገዳዩን ፊት ለፊት አይታዋለች። ስትጠየቅ «አይደለም» ትላለች። ቤቱ ተናወጠ። ጥቅም አላት የሚል ወገን ተነሣ፤ ወዳዋለች የሚል ተነሣ፤ ፈርታ ነው የሚል ተነሣ። አዛውንቱ ዱላቸውን መሬት ላይ ቆም አደረጉና በድሮ ጊዜ አውጫጭኝ ሲደረግ አገሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ እንደነበር፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይከለከል እንደነበር፣ ከብቱ ሳይታለብ እርሻው ሳይታረስ ይውል እንደነበር አስረዱ። «ታዲያ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ዝም ይላል። የሚጠቁመው ወፍ ነው ይባላል። ይቺ ልጅ ደግሞ ወፍ አልሆንም አለች፤ በቃ።»

ከዚህ ጎን የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» (2019 እ.ኤ.አ.) ማንሣት ይገባል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ፍርድ የሚጓዙበት ፊልም ነው። ሜልቪል ገዳዩን ብቻውን ሲያንከራትተው፣ የእኛ አገር ሥርዓት ተከሳሽን ብቻውን መንገድ እንኳ አያስሄደውም ነበር። ብቸኝነት ለፓሪስ ወንጀለኛ የተሰጠ ምቾት ነው።

አክተር አይሞትም የተባለው ሕግ ስለ መጣሱ

በቪዲዮ ቤት ፍልስፍና ውስጥ ያልተጻፈ አንድ ሕገ መንግሥት አለ፦ አክተር አይሞትም። ጥይት ቢዘንብም፣ ፎቅ ቢናድበትም አክተሩ ይነሣል። ታዳሚው ገንዘቡን የሚከፍለው በዚህ ውል ነው።

በመጨረሻው ትዕይንት ጀፍ ወደ ምሽት ክበቡ ይገባል። ባርኔጣውን ለዕቃ ተቀባይዋ ይሰጣል። እሷም ቁጥር ያለበትን ወረቀት ታስቀምጥለታለች። እሱ አይወስደውም፤ ባንኮኒው ላይ ትቶት ያልፋል።

«አይመለስም» አሉ አዛውንቱ።

ማንም አልሰማቸውም። ጀፍ ነጭ ጓንቱን አጠለቀ፤ ወደ ፒያኖ ተጫዋቿ ተጠጋ፤ ሽጉጡን አወጣ። ፖሊሶች ከየጥጉ ተኮሱበት። ወደቀ። ኢንስፔክተሩ ሽጉጡን ከፈተው፤ ጥይት የለውም።

ቀጥሎ የሆነውን በሳይንሳዊ ገለልተኝነት እገልጻለሁ። መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ፤ ታዳሚው አክተሩ እስኪነሣ እየጠበቀ ነበር። ሳይነሣ ሲቀር፣ ጽሑፉም መውጣት ሲጀምር፣ የባጃጁ ሾፌር «ገንዘቤን!» አለ። ብዙዎች ደገፉት። ክርክራቸው በሕግ ረገድ ጠንካራ ነበር፦ አክተሩ ሞቷል፤ ባዶ ሽጉጥ ይዞ መምጣቱ ደግሞ ራስን ማስገደል እንጂ ሥራ አይደለም፤ ፊልሙም ከግማሽ በላይ ወሬ የለበትም። ባለቤቱ በበኩሉ ፊልሙ የመጣው በእንግዳው ፍላሽ መሆኑን ጠቅሶ ኃላፊነቱን ወደ ሳይንሱ አዛወረ። ዓይን ሁሉ ወደ ጸሐፊው ዞረ።

በዚያ አስጨናቂ ሰዓት ነገሩን ያበረዱት አዛውንቱ ናቸው። «ባርኔጣውን ሰጥቶ ወረቀቱን ያልወሰደ ሰው ምን ብሎ ነው የሚመለሰው? ተነግሯችኋል እኮ። ዓይታችሁ ካላያችሁ የባለቤቱ ጥፋት አይደለም» አሉ። የሕዝቡ ቁጣ ወደ ክርክር ተለወጠ። ፊልሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ወረቀቱ የቀረበት ቦታ ሁለት ጊዜ ታየ። ወረቀቱ እዚያው ነበር። ሾፌሩ ሦስተኛ ጊዜ አስመለሰው፤ ከዚያ «ሰውዬው ጨዋ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ባለቤቱም ለማስታረቂያ አንድ የቫን ዳም ፊልም በነጻ ከፈተ። አያትየው ተከሰው የልጅ ልጃቸው ዋስ ሆኖ አስፈታቸው ማለት ነው።

ስለ ቀጣዩ ጥናት

ሜልቪል በ1970 የሠራው «ለ ሰርክል ሩዥ» ውስጥ አላን ደሎን፣ ኢቭ ሞንታንና ጃን ማሪያ ቮሎንቴ በፓሪስ አንድ የጌጣጌጥ መደብር ይዘርፋሉ። ዘረፋው ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚነገር ነገር የለም። ጸሐፊው ይህን ፊልም ለዋጃ ለማቅረብ ድርድር ጀምሯል። ታዳሚው ወሬ ለሌለበት ክፍል ግማሽ ዋጋ ብቻ እንደሚከፍል አስታውቋል። ባለቤቱ በዋጋው ተስማምቷል፤ ነገር ግን ለዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ ለመምህሩ የትርጉም ሒሳብ እንደማይከፍል ገልጿል። መምህሩ ደግሞ ሰው ዝም ሲል መጠበቅ ከመተርጎም ይከብዳል በማለት እጥፍ ጠይቋል። ድርድሩ እንደቀጠለ ነው።